ብቅሉ ሲቀር ሆድ ያባው የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ከካራ ቆሬ አልፎ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር የምኖር የ43 ዓመት እናት ነኝ። ባለቤቴ አናጺ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አረቄ ጠጥቷል። እንዴት እንደኖርን ዝርዝሩን ልተወው፤ ጠርሙሱን ደብቄበታለሁ፣ ውኃ ጨምሬበት አውቃለሁ፣ በክረምት ሌሊት ከቦይ ውስጥ አውጥቼዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ሚካኤል ዕለት በንስሐ አባታችን ፊት ምሎ ተወ። እስከ ዛሬ አንድ መለኪያ አልቀመሰም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቤታችን ሰላም ነበር።

ከዚያ የእህቱ ልጅ በትውልድ አገራቸው በተነሣ ግጭት ተገደለ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ድሮ ይጠጣበት በነበረው በርጩማ ላይ ይቀመጥና ስልኩን ይከፍታል። ራቱ ቀርቦለት ይቀዘቅዛል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ የሚጮኹ ሰዎችን ያዳምጣል፣ አብሯቸው ይጮኻል። “ይህች አገር ደም ሳይፈስ አትስተካከልም” ይላል። ሃያ ዓመት አብረን ቡና የጠጣናቸውን ጎረቤቶቻችንን፣ ቋንቋቸው ሌላ ስለሆነ ብቻ፣ ሰላምታ ነፈጋቸው። እናታቸው ሲያርፉ ለቅሶ አልደረሰም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 19 ዓመት የሞላውን ልጃችንን “ወንድ ብትሆን ኖሮ እዚህ ተቀምጠህ እንጀራ አትቆርስም ነበር” አለው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብሏል።

እጁን አንስቶብን አያውቅም። እኔ ግን “ሲጠጣ ይሻል ነበር” ብዬ ማሰብ ጀምሬአለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እንደገና እንዳይጠጣ ፈርቼ ዝም ልበል? ስልኩን ልደብቅበት? ልጄንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ አትቀየሚኝ። “ሲጠጣ ይሻል ነበር” ብለሽ በማሰብሽ ራስሽን አትውቀሺ። ባሎቻቸው መጠጥ ከተዉ ሴቶች ይህንኑ ቃል በሹክሹክታ ሰምቼዋለሁ። የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ሲሆን ወድቆ ይተኛል፤ ቤተሰቡም ትንፋሽ ያገኛል። የባለቤትሽ የአሁኑ ሁኔታ እንቅልፍ የለውም፤ አንቺም አብረሽ ነቅተሽ ታድሪያለሽ። የደከመ ሰው የሚያስበውን ነው ያሰብሽው።

ያ ዘመን ተመልሶ ቢመጣ እንደማይሻል ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አረቄ ቤት በየመንደሩ ባለበት፣ በሠርጉም በለቅሶውም መለኪያ በሚዞርበት አገር ሁለት ዓመት ሳይቀምሱ መኖር ትልቅ ነገር ነው። ይህን ያደረገ ሰው ልጓም አለው። የምነግርሽ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ባለቤትሽ ራሱን መግዛት እንደሚችል አስመስክሯል፣ አሁን የቀረው ያንኑ ልጓም እስከ ቁጣውና እስከ አንደበቱ ማድረስ ነው።

“ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል” ይላል ያገራችን ሰው። ብቅሉ የቀረ ዕለት ሆድ ያባው ግን አብሮ አይቀርም። ባለቤትሽ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአረቄ ሲያስተኛው የኖረ ነገር አለ፤ ምንነቱን የሚያውቀው እሱ ነው። አረቄው ሲነሣ ያ ነገር ማስታገሻ አጣ። በዚያ ላይ የእህቱ ልጅ ሞት መጣ። ስልኩ ባዶውን በርጩማ አገኘና ተቀመጠበት።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላም ነገር አለ። ለረጅም ዓመት የጠጣ ሰው መጠጡን ሲተው ከሁሉ የሚከብደው እፍረቱ ነው። ከቦይ ያወጣችውን ሚስቱን በጠራ ዓይን ያያታል። ልጁ ሕፃን ሳለ ያመለጡትን ዓመታት ይቆጥራል። እፍረት አንገት ያስደፋል፤ ቁጣ ቀና ያደርጋል። ማታ ማታ ከስልኩ የሚሰማው ድምፅ “በዳይህ ያ ነው፣ አንተ ንጹሕ ነህ፣ ጀግና ነህ” ይለዋል። ሰውነታችን በቁጣ ጊዜ አድሬናሊን የሚባል ቅመም ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ድካም ይረሳል። ለጥቂት ሰዓታት የሰፈሩ ሰካራም የነበረው ሰው የወገኑ ተበቃይ ይሆናል። ጠዋት ራሱ ይከብደዋል፣ አፉ ይመረዋል፣ ሲመሽ ደግሞ ያንኑ ይፈልጋል። ይህን መንገድ አሥራ ስምንት ዓመት ስላየሽው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስልኩም ሰው ብዙ የቆየበትን ነገር መልሶ መላልሶ እንዲያቀርብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ አንዱን ጩኸት እስከ መጨረሻው ላዳመጠ ሰው ከዚያ የባሰውን ያመጣለታል። አረቄ ሻጯ እንኳ “ዛሬስ ይብቃህ” የምትልበት ሌሊት ነበር።

መጠጥ ያቆሙ ሰዎች በሚረዳዱባቸው ማኅበራት አንድ የቆየ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ረኃብ፣ ቁጣ፣ ብቸኝነትና ድካም ሲሰበሰቡ መለኪያው ቅርብ ነው ይባላል። በደብዳቤሽ ውስጥ አራቱም በየማታው አሉ። ራቱ ይቀዘቅዛል፣ ቁጣው ይነድዳል፣ ጎረቤቱን አጥቷል፣ እንቅልፉ ጎድሏል። ስለዚህ “ዝም ልበል?” ላልሽው መልሴ ዝም አትበዪ ነው። እንደ አሁኑ ከቀጠለ ወደ መጠጡ የሚመልሰው ይኸው ነው። ምናልባት ቢያገረሽበትና ለብዙ ቀን ከጠጣ በኋላ በድንገት ቢያቆም፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ የሌለ ነገር ካየ ወይም ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት። ያ ሁኔታ ይገድላል።

አሁን “ደም ሳይፈስ አትስተካከልም” ወደሚለው ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ ብዬ መሐል ላይ አልቆምም። እኔ ወግ አጥባቂ የምባል ሰው ነኝ። አገር ከቤት ትጀምራለች ብዬ አምናለሁ፤ እድርን፣ ሽምግልናን፣ የቤተ ክርስቲያንንና የመስጊድን ደጅ ከየትኛውም ሰልፍ አስበልጣለሁ። እዚህ እምነት ላይ ያደረሰኝ ደግሞ ልጅነቴ ነው።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር በአብዮት አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እያነሡ ከመሬት ፈጠፈጡ። አጎቴ እዚያ ነበር። መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ሌላ ሆኗል፣ ቆሞ እጁን እያወራጨ ያየውን ይነግረናል። እናቴ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችውና “ጠጥተሃል እንዴ?” አለችው። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በየማለዳው በመንገድ ዳር የወጣቶች አስከሬን ይታይ ነበር፤ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ። እናቶች ልጃቸውን እንኳ ጮኸው እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። ኢሕአፓም፣ መኢሶንም፣ ደርግም አገር እናስተካክላለን ብለው ነበር የተነሡት። ከተማ ውስጥ በጥይት የተፈላለጉት ብዙዎቹ ወጣቶች አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ በአንድ ሰልፍ “መሬት ላራሹ” ያሉ ነበሩ። ያ ደም ያስተካከለውን ነገር የሚያሳየኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ልጆቻችንን የፈጀው የሰሜኑ ጦርነት እንኳ የተቋጨው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ጠረጴዛው ከመቃብሮቹ በፊት ቢዘረጋ ምን ነበረበት?

“ታዲያ የእህቴ ልጅ ደም ከንቱ ይቅር?” ይልሻል። ጥያቄው የሰው ጥያቄ ነው፤ አትናቂበት። በደል ይረሳ አልልም። ገዳይ በሕግ ይጠየቅ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ የሞተው በስሙ ይዘከር። ደጁ ድረስ የመጣበትን የሚመክት አባወራም ሌላ ነው። በከተማ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው ደም መመኘት ግን ሟቹን አያስነሣም፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ተመኚው ሳይሆን የ19 ዓመት ልጁ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ያስፈራኝ የልጅሽ ዝምታ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ በአባቱ አፍ “ወንድ አይደለህም” ከተባለ ወንድነቱን የሚያስመሰክርበት ቦታ አያጣም። ዛሬውኑ ለብቻው አነጋግሪው። አባቱን አታጥላዪበት። አባቱ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የጠነከረው ሥራ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠርሙሱን አስቀምጦ መሄዱ እንደሆነ ንገሪው፤ አንተም የምትወርሰው ያንን ነው በዪው። ልብሱን መሰብሰብ ከጀመረ ወይም ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ተደብቆ ማውራት ካበዛ ለጊዜው የምታምኚው ዘመድ ዘንድ ላኪው። የተናገረውን ቃል ግን መመለስ ያለበት ራሱ አባትየው ነው፤ አንቺ ልትመልሺለት አትችዪም።

ባለቤትሽን ማታ አታነጋግሪው፤ ማታ የሚያዳምጠው ስልኩን ነው። በእሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ ጀምሪ። ፖለቲካውን አትከራከሪው፤ ስለ ቤትሽ ተናገሪ። “ሁለት ዓመት ስለቆምክልኝ አመሰግንሃለሁ፤ አሁን ግን ማታ ማታ አጥቼሃለሁ፤ ልጃችንንም ልናጣው ነው” በዪው። ስልኩን ለመደበቅ አትሞክሪ። ጠርሙሱን ስትደብቂ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እሱ ፈላጊ፣ አንቺ ዘበኛ ሆናችሁ አረጃችሁ። ይልቅስ ከራት በኋላ ስልኩ ሥራ ቤቱ ውስጥ እንዲያድር እሱ ራሱ ቃል እንዲገባ ጠይቂው። ያቺን በርጩማም ከቤት አውጧት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ገላ ግን የለመደውን ቦታ ያውቃል።

እሱ ካልሰማሽ ንስሐ አባታችሁን ጥሪ። መሐላውን የተቀበሉት እሳቸው ናቸውና ቃላቸው ከእኔም ካንቺም ይከብደዋል። “በመጠን ኑሩ፣ ንቁም” የሚለው የሐዋርያው ጴጥሮስ ቃል ለሚጠጣው ብቻ ሳይሆን በጆሮ ለሚገባውና በአፍ ለሚወጣውም መሆኑን እሳቸው ይንገሩት። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ወይም መሞትን ካነሣ፣ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረሽው ሂጂ። ጠበሉንና ሐኪሙን አታጣሉ፤ ሁለቱም ለእሱ ይሁኑ። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካስገባ ወይም የሰው ስም እየጠራ ከዛተ ግን ጉዳዩ ከምክር አልፏል፤ በዚያው ዕለት ለሽማግሌዎችና ለፖሊስ ንገሪ። ባልሽን መክዳት እንዳይመስልሽ፤ እሱንም ሌላውንም ማትረፍ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እኔ ከሁሉ የምተማመንበት ይህንን ነው። ባለቤትሽ አላለቀሰም። መንገድ ተዘጋና አፈር አላለበሰም፣ ሰልስት አልተቀመጠም፣ የአርባው ፍትሐት ላይ አልቆመም። አባቶቻችን ለሐዘን ቀን ቆርጠው፣ ድንኳን ተክለው፣ ሰው ሰብስበው ያቆዩን በከንቱ አልነበረም፤ ያላለቀሰ ሰው ሐዘኑን በሌላ ነገር ያወጣዋል። ስለዚህ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጡ። ዘግይቷል አትበዪ። ለእድሩ ዳኛ ንገሪ፣ ድንኳኑ ይተከል፣ ስሙ ይጠራ፣ በፍትሐትም ይታሰብ። ለቀስተኛው የሚቀመጥበትን አግዳሚ አባትና ልጅ አብረው ይሥሩ፤ ሁለቱ ሰጋቱራ መሐል ቆመው አንድ ጣውላ ግራና ቀኝ ሲይዙ ያ ክፉ ቃል የሚመለስበት ጊዜ ያገኝ ይሆናል።

ከድንኳኑ በፊት ግን ሁለታችሁ ወደ ጎረቤቶቻችሁ ቤት ሂዱ። የእናታቸው ለቅሶ ቀርቶባችኋል፤ ለቅሶ ዘግይቶም ይደረሳል። እሱ እምቢ ካለ አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ብቻሽን ግቢ። ስትወጪም ለዝክሩ የሚሆን ትልቅ ድስት እንዲያውሱሽ ጠይቂያቸው።