ጠዋት ለመነሳት ለሚያስቸግረው ኮሮላህ፦ የቤንዚን ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የ1995 (በፈረንጆች) ኮሮላህ ጠዋት ጠዋት ማስነሻው ሞተሪኖ ረጅም ካልዞረ አይነሳም፣ ከተነሳ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው፣ መካኒኩ ደግሞ የቤንዚን ፓምፕ ቀይር አለኝ ብለሃል። ቆይ፣ ብርህን ያዝ። እኔ በዚሁ ጣጣ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሁለቴ ተመላልሼ ሁለት ፓምፕ ገዝቻለሁ።

ቀኑን ሙሉ ደህና ከሄደ ፓምፑ መግፋቱን አላቆመም። ችግሩ ግፊቱን ይዞ ማደሩ ላይ ነው። ሞተር ሲጠፋ የቤንዚን መስመሩ ውስጥ ግፊት መቅረት አለበት። ሌሊት አምልጦ ካደረ ጠዋት መስመሩ እንደገና እስኪሞላ ሞተሪኖው ይለፋል፣ ባትሪውም አብሮ።

ያለምንም ጌጅ (የግፊት መለኪያ) የምትሞክራት ነገር አለች። ኮፈኑን ስትከፍት ዲያግኖሲስ የሚል የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን ታገኛለህ፣ የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኗ ውስጥ አለ። ጠዋት ሞተሩን ሳትነካ ኤፍፒ (FP) እና ቢ ፕላስ (+B) የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝና ቁልፉን ኦን ላይ አድርግ። ፓምፑ ይሰራል። ጥቂት ሴኮንድ ጠብቀህ ሽቦውን አውጣና አስነሳ። ቀዳዳ እንዳትሳሳት ብቻ። ወዲያው ከተነሳ ግፊት እየጠፋ ነው ማለት ነው፤ አሁንም ካስቸገረህ ካንዴላውንና (ብልጭታ የሚሰጠውን) ኤሌክትሪኩን ወደ ማየቱ ሂድ።

ከዚያ ጌጅ ተዋስ። የቤንዚን ማጣሪያው (ፊልትሮው) ጋ ይገጠማል። ስትፈታ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ መገጣጠሚያውን በጨርቅ ሸፍን፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ አይቁም። በነዚህ የቆዩ ቶዮታዎች ሞተሩን አስነስተህ የሬጉሌተሩን (የቤንዚኑን ግፊት የሚመጥነውን ዕቃ) ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ፣ ማለትም ከሞተሩ አየር የሚስበውን፣ ነቅለህ ስትለካ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ) ማሳየት አለበት፣ መልሰህ ስትሰካው ይወርዳል። አዲስ አበባ ከሆንክ ግን መጽሐፉ የሚለውን ያህል ላይወርድ ይችላል። ከፍታችን ላይ የውጭው አየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ቫኪዩሙም ይቀንሳል፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ሬጉሌተሩን እንዳትጥለው። ሞተሩን ካጠፋህ በኋላ ደግሞ ለ5 ደቂቃ ከ21 ፒኤስአይ በታች መውረድ የለበትም።

ከወረደ ሌባው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሬጉሌተር፣ ኢንጄክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው)፣ ወይም ሰልባትዮ (የቤንዚን ማጠራቀሚያው) ውስጥ ያለው ነገር። መጀመሪያ የሬጉሌተሩን የቫኪዩም ቱቦ ንቀልና አሽትት፤ ቤንዚን ካለበት ሬጉሌተሩ ተቀዷል፣ ሌላ አትድከም። ከሌለበት ፓምፑን በሽቦ አስነስተህ እንዳቆምከው ወዲያው የመመለሻውን ጎማ (ትርፉን ቤንዚን ከሬጉሌተሩ ወደ ሰልባትዮ የሚመልሰውን) በጨርቅ ጠቅልለህ በፒንሳ ጨምቅ። ፓምፑ እየሰራ አትጨምቀው፣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ጭራሽ አትንካው፣ ይፈነዳብሃል። ጌጁ መውረድ ካቆመ ሬጉሌተሩ ነው። ካላቆመ ከሰልባትዮ የሚመጣውን ጎማ ከጌጁ በፊት ጨምቅ፤ ያኔ ካቆመ ሌባው ኋላ ነው። ሁለቱንም ጨምቀህም ከወረደ፣ ውጭ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ፣ ኢንጄክተር ያፈሳል። ካንዴላ ስትፈታ ጥቁርና እርጥብ የሆነውን ፈልግ።

የኔው ጌጅ ሌባው ኋላ ነው አለ። እኔም ኋላ ማለት ፓምፕ ነው ብዬ ገዛሁ። ገጠምኩ፣ ያው። ፎርጅድ ሸጡልኝ ብዬ ሌላ ገዛሁ። ያው! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የኋላውን ወንበር አንስተው ፓምፑን ከነእግሩ አወጡና ፓምፑን ከቧንቧው የምታገናኘዋን አውራ ጣት የምታክል ጎማ በጣታቸው እጥፍ አደረጓት። እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቃለች። ሁለቱንም አዲስ ፓምፕ የገጠምኩት በሷው ላይ ነበር። የፓምፑ ቼክ ቫልቭ (ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው) ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከሱ በላይ ያለ ጎማ ካፈሰሰ ምን ይያዝ? ይቺን ስትቀይር ታዲያ ቤንዚን ውስጥ ተዘፍቆ እንዲኖር የተሰራ ጎማ ጠይቅ፣ ተራው የቤንዚን ጎማ አይሆንም፣ ከውጭ በኩል ቤንዚን ይበላዋል። በፋሸታም (በጎማ ማሰሪያ ቀለበት) አጥብቀው።

የድሮውን ፓምፕ መልሰን ገጠምነው፣ እስካሁን እየሰራ ነው። አንተ ለካና ስንት እንዳሳየህ፣ የትኛውን ጎማ ስትጨምቅ እንዳቆመ ጻፍልኝ።