ለቡሬዋ እናት፦ «በዘር ነው» ማለት «አይታከምም» ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ 2 ዓመቷ ነው። ከ6 ወሯ ጀምሮ ይጥላታል። ፌኖባርቢታል የሚባለውን መድኃኒት ብትወስድም አልቆመላትም። አሁን ደግሞ ሐኪሙ ቱበረስ ስክለሮሲስ የሚባል የዘረ-መል በሽታ እንዳለባት ነገረሽ። አማትሽ «በዘር ከመጣማ መድኃኒት ምን ሊያደርግላት? አቁሚውና ጠበል እንውሰዳት» አሉሽ። አንቺም «መድኃኒቱን ላቁመው ወይ? ደግሞስ ከእኔ የመጣ ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔም እዚህ ደብረ ማርቆስ ይህንኑ በሽታ የያዘ ወንድ ልጅ አሳድጋለሁ። ዘንድሮ 9 ዓመቱ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፍልሽ በልጄ ያየሁትንና ሐኪሞቹን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

አስቸኳዩን ላስቀድም። መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ። ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ከበፊቱ የከፋ፣ አልቆም የሚል ማንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ያ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መቀየር ወይም መቀነስ ካስፈለገ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያደርገዋል። «አልሠራላትም» ማለት «ሌላም አይሠራላትም» ማለት አይደለም።

«ስሙ ቢታወቅ ምን ይረባል» የሚሉ ሰዎች እኛም ቤት ነበሩ። እኔ ግን ከስሙ የበለጠ የጠቀመን ነገር የለም ባይ ነኝ። የሚጥል በሽታ መነሻው ብዙ ነው። መነሻው ሲለያይ ሕክምናውም ይለያያል። ድራቬት ሲንድረም የሚባል የዘረ-መል ሕመም ያለበትን ልጅ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ካርባማዜፒን የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያብስበታል። በቫይታሚን ቢ6 የሚቆም የማንቀጥቀጥ ዓይነትም አለ፤ እሱም በዘር ነው። ስኳር ወደ አንጎላቸው በበቂ ሁኔታ የማያልፍላቸው ልጆች ደግሞ አሉ፤ የእነሱ ዋና ሕክምና ቅባት የበዛበትና በሐኪም የሚመጠን ልዩ ምግብ ነው። ሁሉም የዘር ናቸው፤ ሁሉም የየራሳቸው መላ አላቸው።

የእኛ ልጆች በሽታ ደግሞ እንዲህ ነው። ቲኤስሲ1 እና ቲኤስሲ2 የሚባሉ ሁለት ዘረ-መሎች አሉ። ሥራቸው የሴሎችን እድገት እንደ ፍሬን መያዝ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ሴሎች ከልክ በላይ ያድጋሉ፤ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ልብና ቆዳ ላይ እባጮች ይወጣሉ። አንጎል ላይ ያሉት ናቸው ልጁን የሚጥሉት። ከ6,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከዚህ በሽታ ጋር ይወለዳል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ አይደለንም። ያልታወቀላቸው ብዙ ናቸው።

ልጅሽ በሕፃንነቷ ከእንቅልፍ ስትነቃ አንገቷን ድፍት፣ እጆቿን ብድግ ታደርግ ነበር? አንዴ ብቻ ሳይሆን ተከታትሎ፣ እያረፈ እያረፈ? በልጄ የጀመረው እንደዚያ ነው። ያየው ሁሉ «ሆዱን ቆርጦት ነው» ይል ነበር። ያሳየነው ባለሙያም የሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። ይህ ግን ሕፃናት ላይ የሚታይ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል። እየቆየ ሲሄድ የልጁን ንግግርና አእምሮ ወደኋላ ይጎትታል። እንደ ትልቅ ሰው ጥሎ ስለማያንፈራግጥ ቀላል ይመስላል። አይደለም።

ስም ጠቀመ ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው። ይህ ዓይነቱ ማንቀጥቀጥ ቱበረስ ስክለሮሲስ ባለበት ልጅ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረጠው ቪጋባትሪን የሚባል መድኃኒት ነው። ፌኖባርቢታል ለዚህ ዓይነቱ ብዙም አይረዳም፤ ካርባማዜፒንም ሊያብሰው ይችላል። ቪጋባትሪን በየፋርማሲው አታገኚውም። የዓይንን የጎን እይታ ሊጎዳ ስለሚችልም በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው። ካልተገኘ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ሌላ መድኃኒት የሚሰጡ ሐኪሞች አሉ። ልጅሽ አሁን 2 ዓመቷ ስለሆነ የሚጥላት ዓይነት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሌላ መድኃኒት ነው የሚመረጠው። ስለዚህ ሐኪሙን «የእሷ የትኛው ዓይነት ነው? ለዚህ ዓይነት የሚመረጠውስ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሲጥላት በስልክሽ ቅረጪው። በቃል ከምታስረጂው ይልቅ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ይህን የሕፃናት ማንቀጥቀጥ በ1841 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገለጸው ዊልያም ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የገለጸውም በገዛ ልጁ ላይ ያየውን ነው፤ ላንሴት ለሚባለው የሕክምና መጽሔት በደብዳቤ ጻፈው። የወላጅ ዓይን ቀላል አይደለም።

ቆዳዋንም እዪ። ጀርባዋ ወይም እግሯ ላይ እንደ ቅጠል ቅርጽ ያለው ነጣ ያለ ምልክት አላት? በእኛ አገር «ጭርት ነው» ተብሎ ቅባት ይቀባበታል። ልጄም ተቀብቷል። ከፍ ስትል አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ ቀላ ያሉ ትናንሽ እብጠቶች ሊወጡ ይችላሉ። ብጉር አይደሉም፤ ከዚሁ በሽታ ናቸው፤ ሌላ ሰው ላይም አይተላለፉም።

«ከእኔ ነው ወይ» ላልሽው። ከ3 ልጆች በ2ቱ ገደማ በሽታው ከእናትም ከአባትም አልመጣም። ፅንሱ ሲፈጠር በዘረ-መሉ ላይ የተከሰተ አዲስ ለውጥ ነው። በተቀሩት ከወላጅ ይወረሳል፤ ወላጁም ሳያውቀው ቀላል ምልክት ብቻ ይዞ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንቺም ባልሽም ቆዳችሁንና ጥፍራችሁን ለሐኪም አሳዩ። አንዳችሁ ካለባችሁ ለሚቀጥለው ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከሁለታችሁ አንድም ምልክት ካልተገኘ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም። ይህን ለቤተሰቡ ስትነግሪ «የማን ዘር» የሚለው ክርክር እንዳይነሣ ተጠንቀቂ። በአንቺ ስህተት፣ በምግብሽ፣ በሠራሽው ኃጢአት የመጣ ነገር የለም። ልክፍትም አይደለም።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እኔ ልጄን ጠበል አስጠምቃለሁ። እምነቴን ማንም አይወስድብኝም። ነገር ግን ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ነው ወደ ጠበል የሚሄደው። ችግሩ ጠበሉ አይደለም፤ መድኃኒቱን እቤት ጥሎ ጠበል ቦታ ሰንብቶ መምጣቱ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር። ለአማትሽ አንቺ ከምትነግሪያቸው የነፍስ አባታችሁ ቢነግሯቸው ይሻላል። እኛ ቤት ነገሩ የረገበው አባ መጥተው «ሁለቱንም አድርጉ» ካሉ በኋላ ነው።

ሲጥላት ክብሪት አጭሳችሁ አታሽትቷት። ጭሱ ምንም አይፈይድም፤ ትንፋሿን ይረብሻል፤ ሊያቃጥላትም ይችላል። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። በጎኗ አስተኟት፤ ከራሷ ሥር ነጠላ አጥፋችሁ አድርጉ፤ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም። ለሃጯ ማንንም አይይዝም፤ ጎረቤት እንዳይሸሻት ይህን ደጋግመሽ ተናገሪ። ምድጃውን ከፍ አድርጊው ወይም ከልዪው። እኛ ሰፈር ሲጥላቸው እሳት ላይ የወደቁ ልጆች አሉ። ጉድጓድና ወንዝ ዳርም ብቻዋን አትሂድ።

መድኃኒቷ ሲያልቅ ሳይሆን ሳያልቅ ግዢ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ስንቱ ልጅ መድኃኒት ተቋርጦበት እንደተጎዳ እናውቃለን። ከቻልሽ የ1 ወር ትርፍ እንዲጻፍልሽ ለምኚ። የጤና መድን ካላችሁ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ይዘሽ ሂጂ፤ አለዚያ ወጪው በአንቺ ላይ ይወድቃል።

ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ስትሄጂ ማንቀጥቀጡን ብቻ አታሳዪ። ኩላሊቷን በአልትራሳውንድ፣ ልቧን በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ)፣ ዓይኗንም እንዲያዩላት ጠይቂ። የልብ እባጭ ብዙ ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ የኩላሊቱ ግን ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር ክትትሉ አይቋረጥም። አንጎሏ ውስጥ የሚያድግ እባጭ ሊኖር ስለሚችል ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል። በማለዳ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ወይም እንደ በፊቱ አለመንቃት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ኤቨሮሊመስ የሚባል የበሽታውን መነሻ የሚነካ መድኃኒት አለ፤ ውድ ነው፤ እዚህ ማግኘቱም ከባድ ነው። ቢሆንም መኖሩን እወቂ። የልጆች የነርቭ ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ሁለት መድኃኒት በትክክል ተሞክሮ ካልቆመላት ወደዚያ ሪፈር ጠይቂ።

ልጄ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጥለዋል። ንግግሩ ዘግይቷል። ግን ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ታናሽ እህቱን ይጠብቃል። ባሕር ዳር የምትሄጂበት ቀን ሲቆረጥ ጻፊልኝ፤ ለሐኪሙ የምትጠይቂውን አብረን በወረቀት እንጽፈዋለን።