ጥያቄና መልስ፦ አንድ ሜትር ከምን ላይ?

ከደጀን የጻፉልን ሰው የሰፈራቸው ድልድይ ላይ የአባታቸውን ስም ማስቀረጽ ይፈልጋሉ። ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ይቻላል። ብቻ መጀመሪያ አንድ ክረምት ይለፈው።

ከደምበጫ አካባቢ አንድ አባት ጽፈዋል። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ነው። ግንበኛው «አንድ ሜትር መሠረት ይበቃል» ብሏቸዋል።

አባቴ፣ አንድ ሜትር ከምን ላይ? አለት ከሆነ ጥሩ። ጠጠርና ደለል ከሆነ ግን ነገር አለ። ደራሽ ሲመጣ ውኃው ከምሰሶው ተላትሞ ወደ ታች ይጠልቃል፤ እግሩን ይቦረቡራል። ሙላቱ ሲጎድል ደግሞ የቆፈረውን በአሸዋ ሞልቶት ይሄዳል። በመስከረም ሄደው ቢያዩት ምንም ያልተነካ ይመስላል። እኔም ተታልዬበታለሁ። በወጣትነቴ የሠራሁት ምሰሶ በሦስተኛው ክረምት ጎኑን ተኛ። አንድ ስንጥቅ የለበትም! ሥሩን ሳየው አርማታውን በሞላንበት ቀን የተጣበቀው የወንዝ ጠጠር እንዳለ ነው፤ ለካ ያቆምነው አለት ላይ ሳይሆን ጠጠር ላይ ነበር።

በሞጣ በኩል አባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ያውቁታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። መሃሉ የተሰበረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰው እጅ ነው እንጂ ወንዙ አልጣለውም።

ስለዚህ ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ዳርና ዳሩ አለት የሆነበት ቦታ ይፈለግ፤ መንገዱ ትንሽ ቢዞርም ይዙር። ሽማግሌዎቹን «ውኃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባም እዩ። የድልድዩ ሆድ ከዚያ በደንብ ከፍ ይበል፤ ሙላት ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ከቻላችሁ ወንዙ መሃል ምሰሶ አታቁሙ። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁም በኋላ መሐንዲስ ቦታውን ቆፍሮ ሳያይ አንድ ድንጋይ እንዳይጣል። ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ወረዳ ሂዱ፣ «ነገ ና» ቢሏችሁ ነገም ሂዱ።

የመርዓዊዎቹ ወጣቶች ቸኩለዋል። አርማታው ከተሞላ ገና ሳምንቱ ነው። የሠርግ መኪና እንዲያልፍ ድጋፉን እናንሳ ወይ ይላሉ።

አይነሳም! ከሥር ያለውን ድጋፍ 28 ቀን ተዉት። ጆንያ አልብሳችሁ ውኃ አጠጡት። ሙሽሮቹ በሌላ መንገድ ይዙሩ።

ከእንጅባራ ደግሞ፦ የባህር ዛፍ ድልድይ እንዴት ዕድሜ ያገኛል?

ልጣጩን ላጡት፣ ይድረቅ፣ ጫፉ ድንጋይ ላይ ይረፍ እንጂ አፈር አይንካ። ለሰውና ለአህያ ነው፤ አይሱዙ አታሳልፉበት። ባለሙያ ብትጠይቁም አይከፋም።