ለአሮጌ ቀላል አውሮፕላን ምትክ ሰርኪዩት ብሬከር ስለ ማግኘት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ አውሮፕላኔ በ1960ዎቹ የተሠራ ባለ አንድ ሞተር ሴስና ነው። በብሬከሮቹ (ፍሰቱ ሲበዛ መሥመሩን በሚቆርጡት መከላከያዎች) ላይ የነበረው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመለዋወጫ ካታሎጉ ይጀምሩ፤ የሚፈልጉትም በአውሮፕላኑ ተከታታይ ቁጥር ይሁን። አሁን ፓነሉ ላይ ያለውን እንደ ምስክር አይቁጠሩት፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ባለሙያ በእጁ ያገኘውን አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ካታሎጉ የሚሰጥዎት የአውሮፕላን አምራቹን ቁጥር ነው፤ ከዚያ ቁጥር በስተጀርባ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክሊክሰን ወይም ፖተር ኤንድ ብረምፊልድ የተባሉ አምራቾች ብሬከር ነው። የፖተር ኤንድ ብረምፊልድ ደብልዩ 58 የተባለው ዓይነት ሲዘል (መሥመሩን ራሱ ሲቆርጥ) ተጭኖ ይመለሳል እንጂ በእጅ ተስቦ አይወጣም፤ ክሊክሰን 7277 ግን ይሳባል። አምፔሩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይግዙ። የአንገቱን ውፍረትና ጥርስ፣ የአካሉን ርዝመት፣ ሽቦው የሚታሰረው በብሎን ይሁን በሚሰካ ምላስ ለክተው ያረጋግጡ፤ በጋራ ባስባር (ለብዙ ብሬከሮች ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍል የብረት ዘንግ) ላይ የተደረደሩ ከሆነ ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ባስባሩን ያጣምመዋል።

ጥያቄ፦ የማረፊያ መብራቴ ብሬከር 10 አምፔር ነው፤ እየደጋገመ ይዘላል። ምትኩን 15 ባደርገውስ?

መልስ፦ አያድርጉት። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፤ መብራቱን ወይም ሬዲዮውን ለመጠበቅ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የጥገና መመሪያ (ኤሲ 43.13-1ቢ) ለ22 ቁጥር የመዳብ ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) 5 አምፔር፣ ለ20 ቁጥር 7.5፣ ለ18 ቁጥር 10፣ ለ16 ቁጥር 15 አምፔር ብሬከር ያስቀምጣል። 18 ቁጥር ሽቦ ላይ 15 አምፔር ያስገባ ሰው ብሬከሩ ሳይዘል ሽቦው እንዲግል ፈቅዷል ማለት ነው። ብሬከሩ የሚሠራው በሙቀት በሚታጠፍ ባለ ሁለት ብረት ሰሌዳ ስለሆነ፣ ከጀርባው የላላ ብሎን ወይም የዛገ ማሰሪያ የሚፈጥረው ሙቀት ብቻውን ያለ ጊዜው ሊያዘልለው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ማሰሪያውን ይፈትሹ፣ መብራቱ የሚስበውን አምፔር ይለኩ፣ ሽቦው የተላጠበትን ቦታ ይፈልጉ።

በ2007 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር በፍሎሪዳ ሳንፎርድ የወደቀውን ሴስና 310 እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ከአደጋው በፊት በነበረው በረራ የአየር ሁኔታ ራዳሩ ተበላሽቶ የማቃጠል ሽታ ስለነበር አብራሪው ብሬከሩን ስቦ ብልሽቱን በጽሑፍ አሳወቀ፤ አውሮፕላኑ ግን ሳይጠገን በማግስቱ ተነሣ። ብሬከሩ ተመልሶ ሳይጫን እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ገምተዋል። በአየር ላይ እሳት ተነሥቶ አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዎችና መሬት ላይ የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ። የዘለለ ብሬከር ምክንያቱ ሳይታወቅ አይመለስም።

ጥያቄ፦ የቤት ብሬከር በተመሳሳይ አምፔር ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። በቤት ኤሌክትሪክ ፍሰቱ በየዑደቱ ዜሮ ስለሚነካ ብሬከሩ ሲቆርጥ የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ ይጠፋል፤ በአውሮፕላኑ ቀጥተኛ ፍሰት ግን ይህ እረፍት የለም።

ጥያቄ፦ በወታደራዊ መለያ ቁጥር የሚሸጥ፣ ነገር ግን የአውሮፕላን መለዋወጫ ማረጋገጫ የሌለው አዲስ ብሬከር አገኘሁ። ሕጋዊ ነው?

አንድ አባል፦ መምህር ከመመለሳቸው በፊት ልናገር። የተሠራበት መስፈርት በይፋ የታተመ ስለሆነ መደበኛ ዕቃ ነው፤ ሌላ ወረቀት አይጠየቅም።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ዕቃው መደበኛ መሆኑ ለዚያ አውሮፕላን የተፈቀደ ምትክ ያደርገዋል ማለት አይደለም። እኔ ካታሎጉ የማይሳብ ብሬከር ባዘዘበት ቦታ የሚሳብ አስገብቼ ፈራሚው መካኒክ አስወልቆኛል።

የመጀመሪያው አባል፦ የሚሳበው እኮ ይሻላል፤ ጭስ ሲሸት ነጥሎ ማጥፋት ይቻላል።

መልስ፦ የትኛው ይሻላል የሚለውን ለሌላ ጊዜ እንተወው፤ የተጠየቀው ስለ ሕጋዊነት ነው። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ክፍል 21.9 መደበኛ ዕቃ መሆን ምትክ ዕቃ እንዲመረት ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መመረቱና በዚያ ቦታ መግጠሙ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለተኛውን በፊርማው የሚያረጋግጠው የጥገና ባለሙያው ነው። ስለዚህ ሳይገዙ እርሱን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከተፈታ አውሮፕላን የወጣ ያገለገለ ብሬከርስ?

መልስ፦ ታሪኩ ካልታወቀ አይግዙ።

ጥያቄ፦ የትኛው ብሬከር ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለየትኛው አውሮፕላን፣ ለየትኛው መሥመር፣ በስንት ቁጥር ሽቦ? እነዚህን ሳይነግሩኝ የምመልሰው ነገር የለኝም።

ጥያቄ፦ የእኔ 5 አምፔር ስለሚዘል ወደ 7.5 ከፍ ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተመልሷል። መጀመሪያ ሽቦውን ይመልከቱ፤ 22 ቁጥር ከሆነ አይቻልም።

ጥያቄ፦ አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። መሥመሩ ሙሉ ጭነት ይዞ ሳለ በብሬከሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት በሚሊቮልት ይለኩና ተመሳሳይ ጭነት ከያዘ ተመሳሳይ ብሬከር ጋር ያነጻጽሩ። ጎልቶ የሚበልጥ ከሆነ ማሰሪያው ላልቷል ወይም የውስጥ መገናኛው ተበላሽቷል። ይህንኑ ልኬት በነባሮቹ ላይም ይውሰዱ፤ ለዓመታት ሳይነኩ የቆዩ ብሬከሮች መገናኛቸው ስለሚዛግ ቀጥሎ የሚለወጠው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅዎታል።