ለአደጋ መከላከያ ዕቃዎች አሠሪው ምን ምን ወረቀት ይያዝ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በብረታ ብረት ወርክሾፕ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነሽ። ከሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ሊመጡ ነው ተብላችኋል። ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽርና ቱታ አድላችኋል። ወረቀት ከተባለ ግን ያለሽ ሠራተኞች የፈረሙበት የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ይሄ ይበቃል ወይ? ጫማውን የጣለ ሠራተኛስ ከደመወዙ ይቆረጥበት ወይ? ብለሻል። በፋብሪካም በግንባታ ሳይትም በሴፍቲ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

የፊርማው ዝርዝር አይበቃም። ዕቃ ከስቶር እንደወጣ ያሳያል እንጂ ሠራተኛው ከምን አደጋ እንደተጠበቀ አያሳይም።

ከሕጉ እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። ሠራተኛው ሥራው ያለበትን አደጋ እንዲያውቅ ማድረግ፣ የደህንነት (የሴፍቲ) ሠራተኛ መመደብ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅም እዚያው ተጽፏል። አዋጁ ለመከላከያ ዕቃ "ይህን ቅጽ ሙሉ" አይልም። ግን አስተምሬአለሁ፣ አሳውቄአለሁ የሚል ሰው በምን ያሳያል? ያለ ወረቀት አይሆንም።

የመጀመሪያው ወረቀት ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የሚጻፍ ነው፤ የአደጋ ዳሰሳ። ብዙ ድርጅት ውስጥ የሚጎድለው እሱ ነው። ቢሮ ቁጭ ብለሽ አትጻፊው። ከፎርማኑ ጋር ወርክሾፑን ዙሪ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ያዢ። ግራይንደሩ (የብረት መሞረጃው) ጋ ፍንጣሪ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ዲስኩ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መነጽር ብቻ ሳይሆን የፊት መከላከያና የጆሮ መከላከያም ያስፈልጋል። ብየዳ ጋ የበያጁን ማስክ ሁሉም ያስታውሳል፤ አጠገቡ ብረት ይዞ የሚቆመውን ረዳት ግን ማንም አይጽፈውም። ማታ ዓይኑን አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረው የሚያድረው እሱ ነው። ቀለም በሚረጭበት ቦታ ደግሞ የአቧራ ማስክ ይሰጣል። የአቧራ ማስክ የቲነርን ትነት አያስቀርም። ለትነቱ ቡናማ ምልክት ያለው የጋዝ ፊልተር የተገጠመበት ማስክ ነው የሚያስፈልገው።

ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) እና ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ስትደርሺ ቆም በይ። እዚያ ጓንት ራሱ አደጋ ነው፤ የሚሽከረከረው ነገር ጓንቱን ከያዘው እጁን ይዞ ይሄዳል። ዳሰሳው ላይ "እዚህ ማሽን ላይ በሥራ ሰዓት ጓንት ክልክል ነው" ተብሎ መጻፍ አለበት። ለሁሉም ሰው ሁሉንም ዕቃ ማደል ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ቅጹን ከየት ላምጣ ካልሽ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት የኦሻ ደንብ ጥሩ መነሻ ነው። እኛን አያስገድደንም፤ የሚጠይቀው ግን ቀላል ነው። የተዳሰሰው የሥራ ቦታ፣ ዳሰሳው መደረጉን ያረጋገጠው ሰው ስም፣ ቀኑ፣ እና ሰነዱ የአደጋ ዳሰሳ ማረጋገጫ መሆኑ ይጻፍበት ይላል። እኔ ከዚህ ላይ የሥራ መደቡን፣ አደጋውንና የተመረጠውን ዕቃ እጨምራለሁ።

ሁለተኛው የግዢ ወረቀት ነው። "ጓንት 50 ጥንድ" ብለሽ ከጠየቅሽ ግዢ ክፍል በጣም ርካሹን ይዞ ይመጣል፤ አይፈረድበትም። ዓይነቱንና ዕቃው ላይ የሚታተመውን የጥራት ደረጃ ቁጥር ጻፊ። ለሴፍቲ ጫማ ኢኤን አይኤስኦ 20345፣ ለሜካኒካል ሥራ ጓንት ኢኤን 388፣ ለብየዳ ማስክ የመስታወቱን የጥቁረት ቁጥር። ዕቃው ገቢ ሲሆን ምልክቱ መኖሩን የደህንነት ሠራተኛው አይቶ ይፈርም።

ሦስተኛው የማስረከቢያ ካርድ ነው። ለሁሉም የጋራ ዝርዝር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ካርድ ይኑር። ዕቃው፣ የልኩ ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ አዲስ ነው ወይስ ምትክ፣ ምትክ ከሆነ ለምን። 42 ቁጥር ጫማ ለሚያደርግ ሰው 40 ሰጥቶ ማስፈረም ሰጠሁ አያሰኝም። የቀን ሠራተኛውን፣ ጽዳቷንና ጥበቃውንም እንዳትረሺ። የስም ዝርዝሩ ከደመወዝ መክፈያ ላይ ስለሚገለበጥ ሁሌም የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አራተኛው ልምጣ፤ የሥልጠና ወረቀቱ። የአዋጁን አንቀጽ 96 ከአለቃሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። በመርሁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ግን ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ሊቆጠርና አሠሪው ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። የሥልጠናው ወረቀት ላይ ያለችው ያቺ አንዲት ፊርማ ምን ያህል ክብደት እንዳላት አየሽ? የአንድ ሰው ካሳ፣ የልጆቹ እንጀራ እሷ ላይ ሊወሰን ይችላል።

ስለዚህ ማንም ሰው ያልሰማውን ሥልጠና "ሰልጥኛለሁ" ብሎ እንዳይፈርም። በገባበት ቀን ከውሉ ጋር አሥር ወረቀት ተደራርቦ "እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ" እየተባለ ሲፈርም አይቻለሁ። በጣም ያናድደኛል። ወረቀቱ ላይ የተነገረው ነገር ይዘርዘር፤ መቼ ይለበሳል፣ እንዴት ይለበሳል፣ ሲበላሽ ለማን ይነገራል። አስተማሪው ማን ነበር? በምን ቋንቋ? አማርኛ ለማይሰማ ሠራተኛ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው፤ ማንበብ ለማይችል ተነቦለት በምስክር ፊት አሻራ ያድርግ። ከዚያ ለብሶ ያሳይሽ። ይህ ሁሉ ሠራተኛውንም ድርጅቱንም የሚጠብቅ ነው፤ እውነት የሆነ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ አይፈራም።

አምስተኛው የአደጋና የሥራ በሽታ መዝገብ ነው። እሱ አዋጁ በስም የጠራው ስለሆነ አማራጭ የለውም። ትንሿም ጉዳት ትግባበት። የሕክምና ውጤት ግን ከዚህ ፋይል ጋር አይቀላቀል፤ ለብቻው ይቆለፍበት።

ስለ ደመወዙ፦ ዝም ብሎ መቁረጥ አይቻልም። የአዋጁ አንቀጽ 59 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የመሰለ መሠረት ይፈልጋል፤ መሠረቱ ቢኖርም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ በላይ አይነካም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 21 የደህንነት እርምጃ ለሠራተኛው ወጪ እንዳይሆን ይላል። በሥራ ያለቀ ጫማ የጠፋ ጫማ አይደለም። አሮጌውን መልሶ አዲስ ይውሰድ፤ ካርዱም ላይ ይመዝገብ። በተደጋጋሚ የሚጥል ሰው ካለ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጫማው ጠቦት ወይም ማስቀመጫ ሎከር አጥቶ ነው።

ቁጥጥሩ እስኪመጣ ጥቂት ቀን ካለሽ ከግራይንደር፣ ከብየዳና ከቀለም ጀምሪ፤ የከፋው አደጋ እዚያ ነው። የጎደለ ዕቃ ካገኘሽ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂውንም ያዢ። የቆየ ቀን ጽፈሽ ወረቀት እንድታዘጋጂ ቢሉሽ እሺ አትበይ። ዛሬ የተሠራ ዳሰሳ የዛሬ ቀን ይያዝ፤ ለቀረውም ማን፣ መቼ እንደሚያሟላ የሚያሳይ ዕቅድ አያይዢበት። ከተቆጣጣሪዎች ጋር በሠራሁባቸው ጊዜያት እንዲህ ያለ ያልተሟላ ግን እውነተኛ ፋይል ከተሽሞነሞነው ይልቅ ተሰሚነት ነበረው፤ ምክንያቱም ወርክሾፑ ገብተው ሠራተኛውን ራሱን ይጠይቁታል።

ቅጹን ከነደፍሽ በኋላ ስሞቹን አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊው። አይቼ የጎደለውን እነግርሻለሁ፤ በቀለም ፋብሪካና በእንጨት ሥራ ያላችሁም የየራሳችሁን ጨምሩበት።