የተሰፋችው ላም ቁስል ሲረጥብ ምን ይደረግ?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን አካባቢ የወተት ላም ከሚያረቡ እናት የመጣ ነው። «ዲቃላ ላሜ ጥጃው ትልቅ ሆኖባት መውለድ ስላቃታት ሐኪም ግራ ጎኗን ከፍቶ አወጣላት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። የታዘዘላትን መርፌ ጨርሳለች። ትበላለች፣ ታመነዥካለች። ግን የታችኞቹ ሁለት ስፌቶች ረጥበዋል፣ ቢጫ ነገር ይወጣቸዋል፣ ዝንብም አይጠፋም። አንዱ ጎረቤት የቴትራሳይክሊን ዱቄት ነስንሺበት ይለኛል። ሌላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው ይላል። ምን ላድርግ? ስፌቱስ መቼ ይነቀላል?»

እንኳን ላሚቱ ተረፈችልዎ። ዘይቱንም ዱቄቱንም ይተውት። ምክንያቱን እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዛሬውኑ ሄደው የሚያዩት ነገር አለ።

ትኩሳቷን ይለኩ። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ39.5 ካለፈ ሐኪሙን ሳያሳድሩ ይጥሩ። ቀጥሎ እጅዎን ታጥበው ጓንት ያድርጉና ከስፌቱ ግራና ቀኝ ቆዳውን ቀስ ብለው ይጫኑት። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ማበጥ ያለ ነው፣ አያስደንግጥዎ። የሚወጣው ቀጭንና ሽታ የሌለው ከሆነ ጊዜ አለዎት። ወፍራም ከሆነ፣ ከሸተተ፣ እብጠቱ ከትናንት ዛሬ ከጨመረ ወይም ሲነኳት የምትራገጥ ከሆነ ግን ከውስጥ መግል ቋጥሯል ማለት ነው። ሲጫኑት ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማዎት በቀዶ ጥገናው ጊዜ የገባ አየር ሊሆን ይችላል። እሱ ብቻውን አያሰጋም። ከትኩሳት፣ ከሽታ ወይም ምግብ ከመተው ጋር ከመጣ ግን ለነገ የሚባል አይደለም።

እርስዎ እንደነገሩኝ ከሆነ ላሚቱ ትበላለች፣ የረጠቡትም ሁለት ስፌቶች ብቻ ናቸው። የታችኞቹ መሆናቸው አይገርምም። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ላሚቱ ስትተኛም መጀመሪያ መሬቱን የሚነካው እዚያው ነው። ይህ ገና ጅምር ይመስላል። በጅምሩ ከያዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ። ብዙ ሰው ቁስሉን እንጂ ክሩን አያይም። ክር ለሰውነት ባዕድ ነገር ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ኤሌክና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በሰው ቆዳ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ጤነኛ ቆዳ መግል እንዲይዝ ሚሊዮኖች ባክቴሪያ ያስፈልጉ ነበር። አንድ የሐር ስፌት ካለ ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆነው ተገኙ። እንደ ሐር ያለ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ክር የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ እርጥበቱን ከነባክቴሪያው ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። ባክቴሪያው ክሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንደ ልጋግ ያለ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል። እዚያ ከገባ መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም። ወጥ የሆነው ናይሎን ክር ግን ውሃ አይስብም። ለዚህ ነው ለላም ቆዳ ናይሎን የሚሻለው። ሐኪምዎ በምን እንደሰፋ ይጠይቁት፤ ሐር ከሆነ ደረቅ አድርጎ መያዙ በጣም ይበልጥ ያስፈልጋል።

በሰው ሕክምና ትሪክሎሳን በሚባል ፀረ ባክቴሪያ የተነከረ ክር አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መጠቀሙን ይመክራል። ለላምዎ ግን እሱን ፍለጋ አይድከሙ። ስፌቱ አሁን ሥራውን እየሠራ ነው። የቀረው የበረቱ ጉዳይ ነው።

ዱቄቱ ምን ያደርጋል? ከፈሳሹ ጋር ተቦክቶ ቅርፊት ይሆናል። መግሉ መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ደርቆ ያምራል፣ ከሥር ግን እየከፋ ነው። በዚያ ላይ በግምት የተነሰነሰ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚለምዱ ጀርሞችን ያበዛል። የተቃጠለ ዘይት ቆዳውን ያቆስላል፣ ውስጡም ብረትና መርዛማ ነገር አለበት። የምታለብ ላም ላይ ማድረጉ ደግሞ ለሰውም ያሰጋል። ቅቤና አመድም ይቅሩ፣ እበት ደግሞ ፈጽሞ! እበት ውስጥ የቴታነስ ጀርም ሊኖር ይችላል። ማር ክፍት ቁስል ላይ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የተዘጋ ስፌት ላይ ግን ዝንብ ከመጥራት ያለፈ ነገር አይሠራልዎትም።

የሚያደርጉት ይህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው 9 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ይጨምሩበትና ያቀዝቅዙት። ንጹሕ ፋሻ በዚህ ውሃ ነክረው የደረቀውን ፈሳሽ ያርጥቡና ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው ይጥረጉ። በአንዱ ፋሻ አንዴ ከጠረጉ አይመልሱት፣ ሌላ ያንሱ። ቅርፊቱን በጥፍር አይላጡ። በጎማም ውሃ አይልቀቁበት፤ የውሃው ግፊት ቆሻሻውን በስፌቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይከተዋል። ሲጨርሱ በደረቅ ፋሻ ያድርቁት። ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን ይቀቡታል፣ ግን በውሃ አቅጥነው። ጠርሙሱ ላይ 10 በመቶ ከተባለ ከእሱ 10 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ ይበቃል። መልኩ እንደ ቀጭን ሻይ ይሆናል። ጠንከር ሲል የበለጠ ያድናል የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም፤ የሚያገግመውን ሥጋ ያቃጥላል። አልኮልና አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም እንዲሁ ናቸው። በቀን አንዴ ይበቃል።

ግን ይህን ሁሉ አድርገው ላሚቱ ጭቃ ላይ ከተኛች ድካምዎ ከንቱ ነው። ክረምት ላይ ያለ በረት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቢያንስ እሷ የምትተኛበትን ቦታ ለይተው ከፍ ያድርጉት፣ ሽንቱ የሚወርድበት ተዳፋት ይኑረው። ወፍራም ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ያንጥፉ። የረጠበውን ጠዋት ማታ ያውጡ። በረቱ ጥግ የተከመረው እበት ይራቅ፣ ዝንቡ የሚፈላው እዚያ ነው። የዝንብ መድኃኒት ካለዎት በመመሪያው መሠረት ከቁስሉ ርቆ ያለው ገላዋ ላይ እንጂ ስፌቱ ላይ አይርጩት። በጆንያ መሸፈንም አይጠቅምም፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። ሌላ ከብት እንዳይልሳት ለብቻዋ ትታሰር።

ጭራዋን ደግሞ አይርሱ። ይህን ብዙ አርቢ አያስተውለውም። ከወለደች ገና ስድስት ቀኗ ስለሆነ ከማህፀኗ የሚወጣ ፈሳሽ አለ። ጭራዋ በዚያ ይነከርና ዝንብ ስታባርር ጎኗን ይመታል። ማህፀኗ ውስጥ ያለው ጀርም በአንድ ምት ስፌቷ ላይ ያርፋል። በየቀኑ ኋላዋንና ጭራዋን ይጠቡ፣ የጭራዋን ጸጉር ያሳጥሩ። ፈሳሹ በጣም የሚሸት ከሆነ ወይም እንግዴ ልጁ ካልወረደ ያም ለሐኪም የሚነገር ነው።

ሁልጊዜ ከማለብ በኋላ እንጂ በፊት ቁስሉን አይንኩ። በቁስሉ ውስጥ ያለ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በእጅዎ ወደ ጡቷ ሊሄድ ይችላል፣ ከዚያ የጡት በሽታ ይከተላል። ጓንቱንና ፋሻውን ያቃጥሉ።

በሁለት ቀን ካልደረቀ ወይም መግል ከመጣ ሐኪሙ የታችኛውን አንድ ወይም ሁለት ስፌት ፈቶ መግሉን ያስወጣል። ስፌት ሲፈታ አይደንግጡ፤ ታፍኖ ከሚቀር ያ ይሻላል። እርስዎ ግን በራስዎ እንዳይፈቱት፤ ከሥሩ ያለው የጡንቻ ስፌት መያዙን የሚያውቀው እሱ ነው። ድጋሚ መርፌ ካዘዘ በተነገረዎት ቀን ልክ ይጨርሱ። ወተቱም መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመከልከያ ቀን እስኪያልፍ ለሰው አይቅረብ፣ አይሸጥ። ለመጀመሪያው መርፌም ይህ ቀን ማለፉን ያረጋግጡ። ወተት መድፋት ያማል፤ ቢሆንም ያ ወተት ለልጅ ይደርሳል።

ስፌቱ ደህና ከሆነ በ14ኛው ቀን አካባቢ ይነቀላል። ሲነቀል ከውጭ የቆየው የክሩ ክፍል ቆሻሻ ስለሆነ በሥጋ ውስጥ መጎተት የለበትም። መጀመሪያ አካባቢው በአዮዲን ይጸዳል። ከዚያ ክሩ በአንድ ወገን ከቆዳው ጋር ተጠግቶ ይቆረጥና በሌላው ወገን ይሳባል። ቀዳዳዎቹ ወዲያው አይዘጉም። የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ቀናት ከዝናብ ያስጠልሏት፣ ጭዱንም መቀየርዎን አያቋርጡ።