ጫካ ነው፣ ጥሻ ነው ወይስ ቁጥቋጦ?

ጥያቄው የመጣው ከየካ አባዶ ነው፦ «ጋሼ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ወደ ተራራው በኩል ያለው ቦታ ጅብ እየተደበቀበት ተቸግረናል። ይመንጠርልን ብለን ማመልከቻ ስንጽፍ እኔ ጫካ አልኩት፣ አንዱ ጎረቤቴ 'ይሄ ምኑ ጫካ ነው፣ ቁጥቋጦ ነው' አለ፣ አንዷ ደግሞ ጥሻ በሉት አለች። የቱ ነው ልክ? በዛው ደግሞ ድመቴ ስትደነግጥ የሚያብጠውን ጅራቷን ጎፈሬ ማለት ይቻላል?»

እህቴ፣ ሦስታችሁም አልተሳሳታችሁም፣ ለማመልከቻው ግን የሴትዮዋ ይሻላል።

ከቁጥቋጦ ልጀምር፣ የምወደው ቃል ነው። ትምህርት ቤት ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ሣር ብለው ስላስተማሩን አጭር ዛፍ ማለት ብቻ ይመስለናል፣ ቃሉ ግን የ«አቆጠቆጠ» ዘመድ ነው፣ የተቆረጠ ነገር እንደገና ሲያበቅል ማለት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጪ ጉቶዎቹን እያቸው። ባህር ዛፍ (በምኒልክ ዘመን ከባህር ማዶ መጥቶ ነው ስሙን ያገኘው) ከሥሩ ሲቆረጥ አይሞትም፣ ጉቶው ዙሪያ ስድስት ሰባት ቀጫጭን ነገር ይወጣል፣ ቅጠሉም እንደ ትልቁ ዛፍ እንደ ማጭድ የረዘመ ሳይሆን ክብ ያለ፣ አመድማ ሰማያዊ ነገር ነው፣ ስትነኪው ዱቄት የመሰለ ጣትሽ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ሁለት ሦስቱን ትቶ ሌላውን ይመለምለዋል። ቁጥቋጦ በደንቡ እሱ ነው። «ቂሙ እያቆጠቆጠ ነው» ስንልም እኮ አንዴ ተቆርጦ ነበር ማለታችን ነው። ስለዚህ ከግቢያችሁ ጀርባ ያለው ተጨፍጭፎ እንደገና የበቀለ ከሆነ ጎረቤትሽ በጣም ልክ ነው።

ጫካና ደን ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፣ ለኔ ግን ልዩነቱ የዛፍ ብዛት አይደለም። ደን የቢሮ ቃል ነው፣ ደን ልማት፣ ደን ጥበቃ ምናምን፣ «የጫካ ጥበቃ» የሚል ታፔላ ግን አይቼ አላውቅም። መናገሻ ሱባ ጽዱና ኮሶው፣ የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛው ያለበት ቦታ ወረቀት ላይ ደን ነው፣ እናት ግን ልጇን «ጫካ ውስጥ እንዳትገባ» ነው የምትለው። ጣሊያን በ1928 ሲገባ አርበኞቹ ዱር ቤቴ አሉ፣ ከነሱ በኋላ ያመጸው ሁሉ ጫካ ገባ ተባለ፣ «ደን ገባ» የተባለ ተዋጊ የለም። (ዱርዬም ከዚሁ ከዱር ነው። ገዳም ራሱ በግዕዝ ዱር፣ ሜዳ ማለት ነበር፣ መነኮሳቱ እዛ ስለገቡ ስሙ የነሱ ሆኖ ቀረ።) እና እባክሽ ማመልከቻው ላይ ደን ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ሊመነጥሩ ሳይሆን አጥር ሊያጥሩለት ይመጡብሻል።

ጥሻ ጋ ስንመጣ መጠኑ ግድ የለውም፣ ዋናው ውስጡ አይታይም፣ እጅሽን ሳትቧጨሪም አታልፊም። አጋም፣ ቀጋ፣ ሐረግ ተጠላልፎ ማለት ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚባለው እዛ ውስጥ ሆኖ የታየ ነገር ነው፣ የአጋሙ እሾህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቁልቋሉን ይወጋዋል ነጩ ወተት ይንጠባጠባል። ሰው ጫካ ውስጥ ይኖራል፣ ጥሻ ውስጥ ግን ይደበቃል እንጂ አይኖርም። ጅባችሁም እንደዛው።

የድመቷ ነገር። ጎፈሬ የሰው ፀጉር ነው፣ ያውም በሚዶ የተበጠረ፣ ያልተበጠረው ጨብራራ ነው የሚባለው፣ ፀጉሩ ያው ሆኖ ሙገሳና ስድብ የሚለየው ማበጠሪያው ነው። ጎፈር ደግሞ የአንበሳ ነው፣ ትከሻው ላይ ለሚወርደው የወንዱ ጭላዳ ፀጉርም ይሆናል። ጅራት ላይ ግን ሁለቱም አይሄዱም። እዛ ያለን ጭራ ነው፣ እሱም ከጅራት ይለያል፣ ጅራት አጥንትና ሥጋው ሲሆን ጭራ ፀጉሩ ነው፣ ማሲንቆ ላይ የሚወጠረው የፈረስ ጭራ ነው እንጂ ጅራት አይደለም፣ ዝንብ የምናባርርበትም እንደዛው። ለድመቷ «ጅራቷን ነፋች» ይበቃል። ቁጥቋጦንም፣ ጅራትንም፣ ቅንድብንም በአንድ ቅጽል የሚገልጹ ቋንቋዎች አሉ፣ አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሰጥቶታል፣ እኔ በዚህ ቅር አይለኝም።

ማመልከቻውን «ከሕንፃው ጀርባ ያለው ጥሻ የጅብ መደበቂያ ስለሆነ ይመንጠርልን» ብለሽ ጻፊው። «ይመንጠር» ያልሽውንም እንዳትለውጪ፣ ይቆረጥልን ካልሽ ቆርጠውት ይሄዱና በክረምቱ ያቆጠቁጥብሻል።